ሦስት ሺህ በቀን

አንዳርጌ ያቺን ውሸት የተናገራት ግንቦት ላይ፣ በገዛ ሱቁ ውስጥ ነው። ንፋስ መውጫ፣ ከመናኸሪያው በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ፎቶ ያነሣል፤ ሠርግ ሲኖር ደግሞ ካሜራውን አንግቶ እስከ ወገዳ ይወርዳል። ያን ቀን ወንበሩ ላይ የተቀመጡት አቶ መንግስቴ፣ ሊያገባት የሚፈልጋት የሜሮን አባት ነበሩ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሽማግሌ ቢልክባቸው፣ "ልጁ ደሞዝ አለው?" ብለው ጠየቁ፤ "የራሱ ሥራ ነው ያለው" ሲባሉ፣ "እንግዲህ ላስብበት" ብለው ሸኙ። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ወር በገባ ቁጥር የታወቀ ገንዘብ የማይገባበት ቤት፣ ቤት አይመስላቸውም። ጉርድ ፎቶ ፈልጌ ነው ቢሉም፣ የመጡት ሱቁን ሊያዩ መሆኑ አልጠፋውም።

አገጫቸውን ቀና አድርጎላቸው ሊያነሣቸው ሲል ለግብር የቀን ገቢ የሚገምቱት ሁለት ሰዎች ገቡ።

"በቀን ስንት ታገኛለህ?" አለው አንደኛው፣ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ።

ነጋዴ ሁሉ እዚህች ላይ ሲደርስ ማልቀስ ይጀምራል። አንዳርጌ ግን አቶ መንግስቴን አየት አደረገና፣ "ሦስት ሺህ አይጠፋም" አለ። ፈረመም።

ሐምሌ ሲገባ ግብሩ ሰባ ሁለት ሺህ ብር ሆኖ መጣ። ካሜራውን ቢሸጥ እንኳ አይሞላም።

እኅቱ እናትነሽ መምህርት ናት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"የእኔ እኮ ሳላየው ነው የሚቆረጠው" አለች። "ባንተ ስቀና ነው የኖርኩት።"

"ያንቺ ካገኘሽው ላይ ይቆረጣል። የእኔ ካወራሁት ላይ።"

"ማን አውራ አለህ? ቅሬታ አስገባ።"

"ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ውስጥ የነዋሪው ተወካይ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

ታውቃለች። ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ዝም ቢል ሱቁ ይዘጋል፤ ቢናገር በአቶ መንግስቴ ፊት በገዛ አፉ ድህነቱን ሊመሰክር ነው። ቅሬታ ማቅረቢያው ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው የቀጠሮ ደብተሩን ይዞ ሄደ።

ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ቦጋለች ቅጹን አወጡ። "ሦስት ሺህ ብለህ ፈርመሃል።"

"ፈርሜአለሁ። ግን ውሸት ነው።" ደብተሩን ገለጠ። "ሠርግ ያለው ከጥምቀት እስከ ጾም መግቢያ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ። በዓመት ሠላሳ አንድ ሠርግ ሠርቻለሁ፤ እያንዳንዱ ከነዋጋው ተጽፏል። በጾሙና በክረምቱ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። በቀን ሁለት መቶ ብር ካገኘሁ ደግ ነው፤ ምንም የማላገኝበትም ቀን አለ።"

"ታዲያ ሰው ለምን በራሱ ላይ ይዋሻል?"

ከሰብሳቢዋ ጎን የተቀመጡት አቶ መንግስቴ ቀድመው መለሱ።

"ያን ጊዜ እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር" አሉ። "የዋሸው ለገማቾቹ አይደለም፣ ለእኔ ነው። ልጄን ጠይቆኛልና በዚህ ጉዳይ ድምፅ አልሰጥም።" ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ።

ወይዘሮ ቦጋለች ደብተሩን ገጽ በገጽ አዩት። በመጨረሻም ግምቱ በደብተሩ መሠረት እንደገና እንዲሠራ ወሰኑና ለሐሙስ ቀጠሩት።

አቶ መንግስቴ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሳያልፋቸው ጠሩት።

"በዐቢይ ጾም ምን ትበላለህ?"

"በጥር ያገኘሁትን ነው፣ ጋሼ። የሠርጉን ገንዘብ ለዐሥራ ሁለት ወር እከፋፍለዋለሁ፤ በወር ከዚያ አላልፍም።"

"ብታልፍ ማን ይይዝሃል?"

"ማንም።"

"እኔ ሳስተምር በወሩ በሃያኛው ቀን ስበደር ነው የኖርኩ" አሉ ቀስ ብለው። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። "እሑድ ሽማግሌዎቹን መልሰህ ላካቸው። ስንት እንደምታገኝ ግን እንዳይነግሩኝ፤ ሰምቻለሁ።"