ድሃ የሌለበት ማኅበር

በ፲፱፻፸፮ ዓ.ም. በገበሬ ማኅበራችን ድህነት ጠፋ። ጠፍቷል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ማኅበራችን ከዓለም ጤና በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ስድስተኛ ክፍል የደረስኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ጸሐፊ አደረጉኝ። ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ወረቀት ላይ ግን አንድ ፊደል አይስተኝም። ሊቀ መንበሩን ጓድ ሰንበታን በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያስተማርኩት እኔ ነበርኩ። ስሙን ራሱ የጻፈ ቀን ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ "አንተ ልጅ፣ ዓይኔ ነህ!" አለኝ። የምስክር ወረቀቱንም መስታወት ውስጥ አስገብቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለው።

እናቴ ዘርፉ ከስብሰባ ስትመለስ፣ "ድህነት ከዓለም ሁሉ ይጠፋል ይላሉ፤ እውነት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። "እውነት ነው" አልኳት።

በዚያው ሰሞን ድህነትን ያጠፋ ማኅበር ዋንጫ እንደሚሸለም ከናዝሬት ተነገረ። የችግረኞችን ዝርዝር ለሰንበታ ወሰድኩለት። ሠላሳ አራት ቤት ነው፤ የእናቴም አለበት። በጣቱ እየተከተለ እስከ መጨረሻው አነበበና አጠፈው።

"ጻፍ። በማኅበራችን ድሃ የለም።"

"እነዚህስ፣ ጓድ ሊቀ መንበር?"

"ስንሸለም የውሃ ሞተር ይሰጡናል። ድሃ ነን ካልን ማን ዞር ብሎ ያየናል? በሞተሩ መጀመሪያ ሽንኩርት የምትተክለው እናትህ ናት።"

አመንኩት። አሳምሬ ጻፍኩ፤ እሱም አንብቦ ማኅተሙን መታበት። ዋንጫው መጣ። ሞተሩ አልመጣም።

በዓመቱ ዝናብ ቀረ። የእርዳታ ስንዴ የጫነ መኪና ወደ ጎረቤት ማኅበር ሲያልፍ ሴቶቹ መንገድ ላይ ተቀምጠው አስቆሙት። ኃላፊው ጓድ ጂብሪል ወርዶ ወረቀት ገለጠ።

"እናንተ ዘንድ ድሃ የለም ተብሏል እኮ! በዓለም ሁሉ ያላለቀው እዚህ እንዴት አለቀ?"

አሮጊቷ ሻሼ ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ። "ይኼ ጋዜጣ አያነብ፣ አልሰማ ይሆናላ!" ሰው ሳቀ።

ጂብሪል አልሳቀም። "ማነው ይህን የጻፈው?"

"ልጁ ነው" አለ ሰንበታ። "እኔ ያልተማርኩ ገበሬ፣ ማኅተም ምታ ሲለኝ መታሁ። ውስጡ ያለውን በምን አውቄ?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ግድግዳው ላይ ስላለው ምስክር ወረቀት ልናገር አፌን ከፈትኩ። ያ ሁሉ ፊት ሲያየኝ መልሼ ገጠምኩት። እናቴ ባዶ ጆንያ ይዛ ከሴቶቹ መካከል ቆማለች።

"ልጄ ገመቹ፣ አንተ ነህ እንዴ?"

"እኔ ነኝ፣ እማዬ።"

ጆንያውን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ያዘችው።

"ይህ የሌላ ሰው እህል ነው፤ ላወርድላችሁ አልችልም" አለ ጂብሪል። "ስህተት መሆኑን ጻፉና ልውሰድላችሁ። ምናልባት ለሚቀጥለው ዙር ይደርስ ይሆናል።"

የሚጽፍ ሌላ ሰው አልነበረም። ሰንበታ እየነገረኝ የመኪናው አፍንጫ ላይ ወረቀቱን ዘርግቼ ጻፍኩ፦ "ያለፈው ሪፖርት በጸሐፊው በገመቹ ስህተት የተላከ ነው።" ከሥሩ የችግረኞቹን ስም በቃሌ አስከተልኩ። ሦስቱን ቀብረናቸው ስለነበር ዘለልኳቸው።

ጂብሪል እስክሪብቶውን ለሰንበታ ዘረጋለት። የሰንበታ እጅ ሊቀበል ተነሣና አየር ላይ ቆመ።

"እኔ እንኳ መጻፍ አላውቅም" አለ፤ አውራ ጣቱንም በእስክሪብቶው ቀለም ቀብቶ ከስሜ አጠገብ አሳረፈ።

ያን ጣት "ሰንበታ" ብሎ እንዲጽፍ ለማስለመድ ሦስት ወር ፈጅቶብኝ ነበር።