የታሪኩ ቦታ

እና ደግሞ ማን አስገደደኝ፣ ማንም፣ የለቅሶው ድንኳን ሙሉ ሰው ጸጥ ብሎ ተቀምጧል፣ መጋቢው ጸሎቱን ገና አልጨረሰም፣ እኔ ብድግ ብዬ የወንድሜን የታሪኩን ቦታ እኔ እይዛለሁ አልኩ፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ጎበዝ ልጅ አሉ፣ ካፍ ከወጣ አፋፍ። አምስት ወር ሆነ። አሁን ስምንት ሰዓት ከሩብ ነው፣ አቶ ደመላሽ እስከ ዘጠኝ ንገረኝ ብለዋል፣ አለቃዬ ናቸው፣ በስልክ ድምፃቸው ለስላሳ ነው፣ እንድርያስ፣ ኦሞ ፓርክ ያለው የታሪኩ ቦታ እስካሁን ክፍት ነው፣ ለቅሶው ላይ ተናግረሃልና ቅድሚያው ላንተ ነው፣ ካልፈለግክ እዚያው ዲንሾ ትቀጥላለህ፣ ማንም አይታዘብህም። ማንም አይታዘብህም የሚል ሰው ታዝቦ ጨርሷል።

ዲንሾ ምን ይጎድለዋል፣ ምንም፣ ተራራ ነው፣ መንገዱ ፓርኩን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ጠዋት ከዲላ የተነሳ ሰው ለማታ እዚያ ነው፣ ኔትወርክ አለ፣ ቱሪስቱ ከመኪናው ሳይወርድ የደጋ አጋዘን አይቶ ይመለሳል፣ ብርድ እንጂ ወባ የለም። ኦሞ ግን፣ ከጂንካ ወዲያ መንገዱ ራሱ ይጠፋል፣ ዝናብ ከጣለ ሳምንት መጠበቅ ነው፣ ስልክ የሚሠራበት ጉብታ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ፣ ታሪኩ ከዚያ ጉብታ ላይ ይደውልልኝ ነበር፣ እየሳቀ፣ አንተ የአስፋልት ባለሙያ፣ ዛሬ ስንት ሚኒባስ ቆጠርክ፣ እኔ ሰማንያ ጎሽ።

ዕጣው ግን የእኔ ነበር። ይኼን ድንኳን ውስጥ አልተናገርኩም። ሁለታችንም የፓርክ ሥራ ፈተናውን አለፍን፣ ሁለት ቦታ፣ ሁለት የተጠቀለለ ወረቀት፣ እኔ ኦሞን አነሳሁ እሱ ዲንሾን፣ ወረቀቱን ሳየው፣ ወባው፣ እባቡ፣ ያ የማያልቅ ሜዳ፣ ፈራሁ፣ በቃ ፈራሁ፣ ለታሪኩ ግን ሌላ አወራሁለት፣ አባታችን የለም፣ ታላቅ እኔ ነኝ፣ የእማዬ ደም ግፊት ቢነሳ ቶሎ መድረስ ያለብኝ እኔ ነኝ፣ እንቀያየር። ነገ ልንገርህ አለ። በነጋታው እሺ ወንድሜ፣ ችግር የለም፣ ፈረመ፣ እስክሪብቶውን መልሶ ደረት ኪሴ ውስጥ ሰካልኝ። አንዲት ቃል አልተከራከረኝም፣ በካርታ ጨዋታ እንኳ ሳይጨቃጨቅ የማይለቀኝ ልጅ።

ሬሳውን ይዞ የመጣው የፓርኩ ጠባቂ ስካውት ነው የነገረኝ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ቃል እየፈለገ። ሜዳ ላይ ነበርን፣ ሰማይ ጠቆረ፣ እኛ ጠመንጃ ጥለን ጉድባ ውስጥ ገባን፣ እሱ ሮጠ፣ ዛፍ ነበር፣ አንድ ብቻ፣ ተመለስ ብለን ጮኽን፣ እሱ እኛን ይጠራል፣ ኑ፣ እዚህ ደረቅ ነው፣ ኑ። እዚህ ደረቅ ነው። የጌዴኦ ልጅ ሌላ ምን ያደርጋል፣ ጪጩ የተወለደ ሰው፣ ከላይ ዋንዛ፣ ከሥሩ ቡና፣ ከዚያ እንሰት፣ ሰማይን እንኳ በቅጠል መሃል ቆራርጠን ነው ያየነው፣ ዝናብ ሲመጣ ዛፍ ሥር ግቡ ተብለን ነው ያደግነው፣ መብረቅ ብቻውን የቆመ ዛፍ እንደሚወድ መጽሐፍ ላይ አንብበናል፣ ተፈትነንበታል፣ እግር ግን መጽሐፍ አያነብም። እኔም ብሆን እዚያው ነበር የምሮጠው። እኔ ነበርኩ መሆን የነበረብኝ።

ስምንት ተኩል። እማዬ ጓሮ ተቀምጣ እንሰት ትፍቃለች፣ የቀርከሃ መፋቂያዋ ድምፅ አያቋርጥም፣ የታሪኩ መቃብር ከጀርባዋ አሥር እርምጃ አይሆንም። ብሄድ ታሪኩ አይነሳ፣ ብቀር የሰው ዓይን፣ ገበያ ጨው የምትሸጠው ሀዲጃ እንኳ፣ እንዴ እንድርያስ፣ አልሄድክም እንዴ፣ ክፋት የላትም እኮ፣ ዝም ብላ ነው የጠየቀችኝ፣ እኔ ግን ጨውን ሳልገዛ ተመለስኩ። ፈሪ ለእናቱ። ልንገራት። አንዴ እንደ ሰው እውነት ልናገር።

እማዬ። ወዬ። ዕጣው የእኔ ነበር፣ ኦሞ ለእኔ ነው የወጣው፣ ባንቺ ህመም አሳብቤ የቀየርኩት እኔ ነኝ፣ ፈርቼ ነው። እጇ አይቆምም። ትፍቃለች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ አውቃለሁ ትላለች። ምን ታውቂያለሽ። ታሪኩ ያን ለት ማታ ደወለልኝ፣ እማ፣ እንድርያስ ፈርቷል፣ ምን ላድርግ አለኝ፣ ቀይርለት አልኩት፣ እሱ አይችልም አንተ ትችላለህ፣ አትከራከረው፣ ያወቅህበትም እንዳይመስለው አልኩት።

እንግዲህ። ሁለት ወንድ ልጆች ነበሯት፣ የቱን ወዴት እንደምትልክ መረጠች። አምስት ወር፣ እረፍት በመጣሁ ቁጥር ካንድ ሰሃን ስንበላ እሷ የእሷን ምስጢር ይዛ፣ እኔ የእኔን፣ እሷ ስትነሳ እኔ ስቀመጥ። ልጮህባት ነው፣ እግሯ ላይ ልወድቅ ነው፣ አላውቅም፣ አፌ ግን ሌላ ይጠይቃል፣ አሁንስ የቱን ልያዝ እማዬ። አሁን ቀና ትላለች፣ ዓይኗ ደረቅ ነው። ቅርቡን ያዝ ልጄ፣ አንተ አትችልም። በክፉ አይደለም የምትለው፣ የጫማዬን ቁጥር እንደምትናገር ነው የምትለው።

ስልኩ ይጮኻል፣ ዘጠኝ እንኳ አልሞላም፣ እህ እንድርያስ፣ ምን ወሰንክ፣ እሄዳለሁ ልል አፌን እከፍታለሁ፣ እማዬ መፋቁን አቁማ ታየኛለች፣ ተሳስታለች ልበል፣ በሕይወቴ አንዴ ተሳስታለች ልበልና ልሂድ፣ ዲንሾ እላለሁ፣ እዚያው ዲንሾ ይሁንልኝ አቶ ደመላሽ፣ ድምፄ አይንቀጠቀጥም፣ እማዬ ትንፋሿን ትለቃለች፣ ደስ ብሏታል፣ የሚገድለኝ እሱ ነው፣ ደስ ብሏታል