የሚዛኑ ምሰሶ

ከኮርኒሱ የወረደው አቧራ አፉን በከፈተችው የሩዝ ጆንያ ላይ ሲበተን፣ ነዒማ መስፈሪያውን ጥላ ወደ በሩ አፈገፈገች። ቀጥሎ ድምፁ መጣ። ከራሷ በላይ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ሲጥ እያለ ወደ ግድግዳው ሄደና ዝም አለ። ከነጋ ሁለተኛው ነው።

"ሰማህ?" አለች።

ባሏ ፈረጅ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ሚስማር በከንፈሩ ይዞ፣ ፎቁን ከሚሸከመው ትልቅ እንጨት ስር ነጭ አቡጀዲ እየወጠረ ነበር። ሚስማሩን ከአፉ አወጣና "እንጨት ነው፤ ዝናብ ሲመታው ያብጣል" አላት።

"ትናንት የእንጨቱ ስንጥቅ ጣቴን አያስገባም ነበር። ዛሬ ያስገባል።"

"ታዲያ አንቺን ጣትሽን እዚያ ምን ወሰደው?"

"ፈረጅ፣ እናትህ እኮ ከላይ ናቸው።"

"አውቃለሁ!" ብሎ ጮኸባት። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ቤቱን የምታየዋ ባለሙያ መጥታ እስክትሄድ ብቻ ዝም በይልኝ። ከዚያ ባሕር ዛፍ ገዝቼ ድጋፍ አቆምለታለሁ" አለ።

ፈረጅ ሲፈራ እንደሚቆጣ ነዒማ ካገባችው ጀምሮ ታውቃለች። እንደ እሷው መፍራቱን ከጩኸቱ ስትረዳ የባሰ ፈራች። እሱ እንኳ ቢረጋጋ ኖሮ "ፈሪ ነሽ" የሚለውን ስድቡን በደስታ ተቀብላ ሩዟን ትሰፍር ነበር።

ቤቱን የሠራው አንድ የግሪክ ነጋዴ ነው፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሙሴ ያኒ ይሉታል። ክረምት ላይ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ ድረስ መጥተው ቡና ይጭኑ በነበረበት ዘመን፣ ምድር ቤቱን መጋዘን፣ ፎቁን መኖሪያ አደረገው። ግድግዳው የወንዝ ድንጋይ ነው፤ ከውፍረቱ የተነሳ የመስኮቱ ደፍ ላይ ልጅ ይተኛበታል። መስኮቶቹ በሸክላ ጡብ ቅስት ተከበዋል። ፎቁን የእንጨት ሰገነት ይዞረዋል፤ ወለሉ በዚያው በመርከብ ከሱዳን የመጣ ሳንቃ ነው ይባላል። ደርግ ሲወርሰው የመንግሥት ቤት ሆነ። ከወሎ የመጣው ወጣት ነጋዴ፣ የፈረጅ አባት ሀሩን፣ ተከራየው፤ ሐጂ ሀሩን እስኪባል እዚያው ነገደ፣ እዚያው ልጆቹን አሳደገ፣ በዚህ ክረምት መግቢያም እዚያው ሞተ።

ሱቁ መሃል ለመሃል አንድ የብረት ምሰሶ ነበር። ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ ትልቅ መንጠቆ አለው፤ ግሪኩ የቡና ሚዛኑን፣ ሐጂ ሀሩንም የጨው ሚዛናቸውን የሰቀሉት እሱ ላይ ነው። ከተማው ሁሉ የሚዛኑ ምሰሶ ይለው ነበር። ሐጂ በሕይወት ሳሉ ማንም አልነካውም። ሲሞቱ ግን ባንኮኒው ላይ ትንሿ ዲጂታል ሚዛን ተቀመጠች፤ ፈረጅም መሃሉ ላይ ባለ መስታወት ትልቅ ፍሪጅ ማቆም አማረው። በጋምቤላ ሙቀት ቀዝቃዛ ውሃ የማይገዛ ማን አለ? "ሚዛኑ ከሌለ የሚዛን ምሰሶ ምን ይሠራል?" አለ። የጠየቀው ሰው ሁሉ እውነትህን ነው አለው። ነዒማም እንደዚያው። አንድ በያጅ መጥቶ ከላይም ከታችም ቆርጦ ወሰደው፤ የቀረው ጉማጅ ላይ ላስቲክ ምንጣፍ ተነጠፈበት፤ ፍሪጁ ቆመ። ድምፁ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከላይ ደግሞ የሐጂ ሚስት እማማ ፈትሂያ አሉ። ዒዳ ላይ ናቸው። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ከባሏ ቤት ሳትወጣ ትቆያለች፤ ገና እኩሌታው ይቀራቸዋል። ለሐኪም ቤት ካልሆነ አልንቀሳቀስም ብለዋል። ፈረጅም ስለ ቤቱ ትንፍሽ አይልም፤ ተከራይ ሆኖ የመንግሥት ቤት ምሰሶ ቆረጠ ከተባለ ከነሸቀጡ ሜዳ ላይ መጣሉ ነው። ያ ሁሉ ሳያንስ፣ የጥንት ቤቶችን የምትመዘግብ ባለሙያ ዛሬ እመጣለሁ ብላ ደወለች።

መጣችም። ቤርሳቤ ትባላለች፤ ሜትርና ካሜራ ይዛ ከባጃጅ ወረደችና ገና ደጃፉ ላይ አንጋጣ ቀረች።

"ይሄን ቤት ከውጭ እያየሁ ሳልፍ ነው የኖርኩት! ቅስቶቹን አያችኋቸው? አንዷ ጡብ እንኳ አልወለቀችም።"

"እንንከባከበዋለን" አለ ፈረጅ። ነዒማ መሬት መሬት አየች።

ቤርሳቤ ግድግዳውን ለካች፣ በሩን ለካች። ፍሪጁ ጋ ስትደርስ ቆማ ዙሪያዋን ተመለከተች።

"ሚዛኑ የት ነበር የሚሰቀለው?"

"የምን ሚዛን?" አለ ፈረጅ።

"የቡናው። ከዚህ በፊት ያየሁት የነጋዴ ቤት ልክ የዚህ ወንድም ነው፤ መሃሉ ላይ የብረት ምሰሶ አለው። የቡና ጆንያ ከባድ ስለሆነ ፎቁን የተሸከመው ምሰሶ ላይ ነው መንጠቆ የመቱበት። ለሚዛን ብለው ሌላ አላቆሙም።"

ነዒማ ባንኮኒውን ያዘች። እስካሁን ጠርጥራ ነበር እንጂ እንዲህ በቁርጥ የነገራት አልነበረም፤ ያቆሙትን ፍሪጅ፣ የወጠሩትን አቡጀዲ፣ ከበላያቸው የተኙትን አሮጊት በአንድ ጊዜ አሰበቻቸው።

"እዚህ ግን አልነበረም" አለ ፈረጅ። ግንባሩ በላብ ርሷል። "አባቴ ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚመዝኑት።"

"ይገርማል። ይሄ ጨርቅስ?"

"ለአይጥ ነው።"

ቤርሳቤ አቡጀዲውን ትንሽ አየችውና "እንግዲህ ፎቁን ልየው" አለች።

"ፎቅ አይቻልም። እናቴ ዒዳ ላይ ናት፤ ወንድ አይገባም።"

"እኔ ወንድ ነኝ እንዴ?"

ፈረጅ ነዒማን በዓይኑ ለመናት። እሷ ግን ቤርሳቤን ቀድማ ደረጃውን ወጣች፤ ደረጃው ከውጭ በኩል፣ ከድንጋይ ግድግዳው ጋር ተያይዞ የተሠራ ነው።

እማማ ፈትሂያ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥሩ ነበር። "ግቡ፣ ግቡ" አሉ። ነዒማ ከበሩ ሳታልፍ ወለሉን አየች። መሃሉ እንዳረጀ ፍራሽ ወደ ታች ጎድጉዷል። ከአልጋው አንድ እግር ስር የታጠፈ ብርድ ልብስ ገብቷል።

"እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ዛሬ ጠዋት አልጋው ሸርተት አለብኝ። ደገፍኩት።"

ቤርሳቤ ካሜራዋን አንስታ ወደ መሃል ልትራመድ ስትል ነዒማ ክንዷን ጨብጣ ወደ ኋላ ሳበቻት። "በመሃል አይሆንም!" አለች። ቤርሳቤ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ወለሉን አየች፤ ፊቷ ተለወጠ።

"አንቺም ትሰሚዋለሽ ማለት ነው" አሉ እማማ ፈትሂያ። "ሌሊት ሌሊት ከስሬ ያቃስታል። ልጄን ብጠይቀው ደህና ነው ብሎ ማለልኝ። ቤቱ ካስፈራ ወጥቼ ሌላ ቤት እንድጨርስ ተፈቅዶልኛል፤ እሱን አላጣሁትም። ግን ልጄ በአላህ ስም እየማለልኝ እኔ ከባሌ ቤት ምን ብዬ ልውጣ?"

ነዒማ ልትናገር አፏን ስትከፍት ከስር ጠሽ የሚል ድምፅ ተሰማ። ከሳንቃዎቹ መሃል አቧራ ወደ ላይ ቦነነ። ቤርሳቤ ዘላ ሰገነቱ ላይ ወጣች። ከታች ፈረጅ ሮጦ ከሱቁ ሲወጣ "ምን ሆናችሁ?" እያለ ይጮኻል።

"ፈረጅ!" ብለው ተጣሩ እማማ ፈትሂያ።

"አቤት እማ!"

"ቤቱ ደህና ነው ወይ?"

"ደህና ነው! እንጨት ነው እማ!"

"እንግዲያው ና ውጣና አጠገቤ ተቀመጥ። አንተ ልጅ፣ ጉልበቴን አመመኝ እያልክ ከደረጃው ስር ብቻ ሰላም ትለኝ ጀመር። ናፍቀኸኛል።"

ነዒማ ከበሩ ሆና ቁልቁል አየችው። ፈረጅ አንድ እግሩን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ አሳርፏል፤ እጁ መደገፊያውን ይዟል። ሰገነቱን አየ፣ ጣራውን አየ። ሰውነቱ ወደ ፊት ቢያዘነብልም እግሩ እንቢ አለው። ከዚያ ቀስ አድርጎ ወደ መሬት መለሰው።

"መጣህ?" አሉ እናቱ ከአልጋቸው። እሳቸው ካሉበት ደረጃው አይታይም፤ ኮቴውን እየጠበቁ ነው።



ነዒማ ጫማዋን አወለቀች። ጀርባዋን ከድንጋይ ግድግዳው አስጠግታ በጎን በጎን መሄድ ጀመረች። ፈርታ ነበር፤ እንደዚያን ቀን ፈርታ አታውቅም፤ ሳንቃው ከስሯ ዝቅ ባለ ቁጥር እየቆመች ግድግዳውን ትይዛለች። ልመለስ ብትል ማንም አይፈርድባትም፤ የገዛ ልጃቸው እንኳ አልወጣም። አልጋው ጋ ደረሰች።

"እማማ፣ ምሰሶውን ቆርጠነዋል። የሚዛኑን ምሰሶ። ለካ ይሄን ወለል የያዘው እሱ ነው።"

"ፈረጅ ምሎልኛል።"

"እኔም ልማልልዎት። ወላሂ ያስፈራል። ይውረዱ።"

እማማ ፈትሂያ ወደ በሩ ጆሯቸውን አዘነበሉ፤ አሁንም የሚወጣ ሰው የለም። እጃቸውን ዘረጉላት። ሁለቱ ግድግዳውን ታከው፣ አንዷ ስትራመድ ሌላዋ እየጠበቀች ወጡ። ቤርሳቤ ከሰገነቱ ተቀብላ ደገፈቻቸው። ታች ሲደርሱ እማማ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ስበው በልጃቸው አጠገብ አለፉና ጎረቤት ነሲባ ቤት ገቡ።

ፈረጅ ወደ ነዒማ ጠጋ አለ።

"በቃ፣ እሷ ከወረደች ፎቁ ላይ ሰው የለም። ሱቁ ምን አለበት? ለዛሬ እንሽጥ፤ ማታ ድጋፉን አስመጣለሁ" አላት ነዒማን። ቤርሳቤ በስልክ ከአለቃዋ ጋር እየተነጋገረች ነበር።

ነዒማ መልስ ለመስጠት ስትዞር፣ ቤርሳቤን ያመጣት ባለ ባጃጅ ማይክል ሱቁ ውስጥ መግባቱን አየች። ከፍሪጁ ፊት፣ ልክ ከአቡጀዲው ስር ቆሟል።

"ፈረጅ ወንድሜ፣ ውሃ አንድ ስጠኝ፤ በጣም ቀዝቃዛ የሆነ።"

"ማይክል ውጣ! ውጣ ብዬሃለሁ!" ገብታ ሸሚዙን ይዛ ጎተተችው። ማይክል ምን አጠፋሁ እያለ፣ አንድ እጁ ወደ ፍሪጁ እንደተዘረጋ ወጣ።

የሙሴ ያኒን ወፍራም የእንጨት በር ሁለቱንም ክንፍ ገጠመችው። ሸቀጡም፣ ክፍቱ የሩዝ ጆንያም፣ ውስጥ የሚያጉረመርመው ፍሪጅም እንዳሉ ቁልፉን አዞረችው።

"ነዒማ፣ ምን እየሠራሽ ነው? የምንኖረው በሱቁ አይደል? ስጪኝ ቁልፉን" አለ ፈረጅ።

ነዒማ ቁልፉን ከበሩ ነቀለችና ለቤርሳቤ ሰጠቻት።

"ምሰሶው ተመልሶ እስኪቆም አንቺ ጋ ይሁን" አለቻት። "እሱ ቢለምንሽ እንዳትሰጪው። ነገ እኔ መጥቼ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።"