ዘይት የሚበላው ገልባጭ

ገልባጩ ሰማያዊ ጭስ እየጎተተ ጋራዡ ደጃፍ ሲቆም መካኒኩ እጁን ሳይጠርግ ወጣ። ሞተሩን ያደሰው እሱ ራሱ ነው፤ ያውም ገና በቅርቡ። ባለመኪናው ደግሞ የሚስቱ አባት ናቸው።

«ዘይት ይበላል» አሉ ከጋቢናው ሳይወርዱ። «ልጄን የዳርኩት ለመካኒክ መስሎኝ ነበር።»

ተራ የሚጠብቁት የአሸዋ ሾፌሮች ሳቁ። ከእነሱ ሌላ ደንበኛ የለውም። ሞተሩ በእሱ ጥፋት ተበላሸ ከተባለ ደጁን የሚረግጥ አይኖርም።

«ይውረዱና ልየው፣ አባባ።»

ወረዱ፤ ግን አልተቀመጡም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መኪናውን ይዞሩት ጀመር። እሱም አንዱን ብሎን ሳይጨርስ ሌላውን ይነካካል። የፒስተኑን ቀለበት ገልብጬ ገጥሜ ይሆን? ሲሊንደሩን በደንብ አልለካሁትም?

የአየር ማጣሪያውን አወጣ። ከአሸዋ ማውጫ ለመጣ መኪና የማጣሪያው ወረቀት ከመጠን በላይ ንጹሕ ነው። ከማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ፈትቶ ጣቱን ሰደደ። ጣቱ ዱቄት የመሰለ አቧራ ይዞ ወጣ። ከማጣሪያው ያለፈ አቧራ ከዘይት ጋር ተለውሶ ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሲሞርደው ይውላል፤ ዘይቱም በተበላው በኩል እየሾለከ ይቃጠላል።

«አባባ፣ ይህን ማን ነው የሚያጸዳው?»

«እኔው ነኛ! በየማታው ጎማው ላይ ደህና አድርጌ እቀጠቅጠዋለሁ። እንደ እነዚህ ሰነፎች መሰልኩህ?» አሉ፣ ሾፌሮቹ እንዲሰሙ።

መካኒኩ ማጣሪያው ውስጥ ባትሪ አበራ። ብርሃኑ በተሰነጠቀው ወረቀት በኩል ነጥብ ነጥብ እያለ ወጣ። ጠርዙም ከዱላው ብዛት ተጣሟል። ቢናገር ስሙን ያተርፋል፤ አማቱ ግን በሾፌር ጓደኞቻቸው ፊት መሳቂያ ይሆናሉ። ባትሪውን አጠፋ፤ መልሶ አበራው።

«ምንድነው የምትደብቀኝ? አምጣው።»

ነጥቀው አዩት። ጣታቸውን ቱቦው ውስጥ ከተው አወጡና አቧራውን በአውራ ጣታቸው ያሹት ጀመር። ማሸታቸውን አላቆሙም።

«እህስ፣ የአማችዎ ሥራ ነው?» አላቸው አንዱ ሾፌር።

«የእኔ ነው» አሉ ሽማግሌው። «በንጽሕና ገደልኩት።»

የሳቀ የለም። የጠየቃቸው ሾፌር ቀስ ብሎ ወደ ራሱ መኪና ሄደና ኮፈኑን ከፍቶ ማጣሪያውን አወጣ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወደየመኪናቸው ሄዱ።

«አንተስ ምን ታየኛለህ?» አሉት አማቱ። «መፍቻህን አንሳ እንጂ።»