የደጉ ጠፍር አልጋ

በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ጭራሽ አልመጣም። ክረምቱ በሐምሌ አጋማሽ ገብቶ በነሐሴ መጨረሻ ወጣ። ገብሱ ሊያሽት ሲል በረዶ ወረደበት። ኅዳር ላይ ጎተራው ተጠረገ፤ ታኅሣሥ ላይ በጎቹ ወደ አርብ ገበያ ተነዱ፤ ጥር ላይ የሚነዳ በግ አልነበረም። የቀረው ሴፍቲኔት ብቻ ነው። ከየቤቱ አንድ ሰው ተራራ ወጥቶ ድንጋይ ይሸከማል፣ እርከን ይሠራል፤ በወሩ መጨረሻ ስንዴ ይሰፈርለታል።

ደጉ ድንጋይ አይሸከምም። ወገቡ ከተቀጨ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ዶማና ድጅኖ ይጠብቃል፣ ውኃ ያድላል፤ ለዚህም ይሰፈርለታል። ሰዎቹ "የወገብ ጡረተኛ" ይሉታል። እሱ አነሣሣቸውን ያያል።

ሦስት ቀን ሙሉ ያየው አድማሱን ነበር። አድማሱ ድንጋይ አራግፎ ሲመለስ፣ ሰው የማያየው ሲመስለው፣ መዳፉን ወገቡ ላይ ያሳርፋል። ውኃ ሲጠጣ አይቀመጥም፤ ከተቀመጠ መነሣቱ ይቸግረዋል። ደጉ ይህን ያውቀዋል። የእሱም እንዲሁ ነበር የጀመረው።

"ወገብህን ያምሃል" አለው ጣሳውን ሲያቀብለው።

"ማን አለ?"

"እጅህ።"

"ብርድ ነው ባክህ።"

"የእኔም ብርድ ነበር። ጎንበስ ብለህ አታንሣ። ቁጢጥ በል፤ ድንጋዩን ከሆድህ አስጠጋና በጉልበትህ ተነሣ። ከባዱን ደግሞ ለሁለት ያዙት።"

አድማሱ ፈገግ አለ። "ለሁለት ብዬ ካሣነሽ ትስማኝ?"

ካሣነሽ ሰምታ ኖሯል። ድንጋይ በጀርባዋ እንዳዘለች ጮኸች፦ "አድማሱ! ካቃተህ ሚስትህን ላክልን፤ እሷ ትሻላለች!"

መደዳው ሁሉ ሳቀ።

አገሩ እንዲህ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ሲወጣ አንዱ ያነሣውን ሌላው አይነካበትም፤ በረከቱ ይከፈላል ይባላል። ያንኑ ልማድ ወደ እርከኑም አመጡት። ደጉም የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት፣ የደጀ ሰላሙን የደፍ ድንጋይ፣ ለሁለት ሰው የሚከብደውን፣ ብቻውን አነሣ። ስድስት እርምጃ ሄደ፤ በሰባተኛው ወገቡ ተቀጨ። በቃሬዛ አድርገው ንፋስ መውጫ ከተማ ሐኪም ቤት ሲያደርሱት ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ሌሎቹ እየተፈራረቁ ሲይዙ፣ የፊት ቀኙን እጀታ አድማሱ ለማንም አልለቀቀም። ሐኪሙ፣ "ጉልበት እያለህ በወገብህ ለምን ታነሣለህ?" አለው። ደጉ ለአድማሱ ውለታውን የሚመልስበት አላገኘም። አድማሱ አንድ ቀን እንኳ ነገሩን አንሥቶበት አያውቅም፤ የከበደውም ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ የቡድኑ መሪ ምንተስኖት ሜትሩን ጠቀለለ። "ነገ ከሸለቆው ትላልቆቹን ድንጋዮች እናወጣለን። ጎርፉ ትንሹን አይፈራም። የአድማሱ ድርሻ አራት ነው።"

ደጉ ተነሣ። "በቃሬዛ ይውጡ። አራት ሰው ይያዘው።"

ድንጋይ የያዙት ሁሉ አወረዱ።

"አያ ደጉ፣ ቃሬዛ ለድንጋይ?" አለ ምንተስኖት።

"ሟርተኛ!" አለች ካሣነሽ። አሁን አትስቅም። "ቃሬዛ ባዶውን ከወጣ ሰው ሳይጭን አይመለስም። በችጋር ላይ ሞት ይጥሩብን?"

ምንተስኖት ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የሰፈሩን ቃሬዛ ንኩ ብል ማንም እሺ አይለኝም። ሌላ ነገር ካገኙ ያምጡ።"

ሌላ ነገር አልነበረም። የሰፈሩ ባሕር ዛፍ ሁሉ ለእህል ተሽጧል። ከአድማሱ ቤት ዕርፍ የሚይዝ ሌላ ወንድ የለም፤ እሱ ከወደቀ ዝናብ ቢመጣም መሬቱ ጦም ያድራል።

ደጉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ገባና ጠፍር አልጋውን ገለበጠ። መሬት እንዳይተኛ ሐኪም ያዘዘው ጊዜ ሁለት በግ ሸጦ ያሠራው ነው። እግሮቹን በመጥረቢያ ሰብሮ አወለቀ። ረጃጅሞቹን እንጨቶች ለእጀታ አስተርፎ ጠፍሩን መሐል ላይ ወጠረ።

ሚስቱ ሙሉነሽ ከደጅ ገባች። "አንተ ሰው፣ አበድህ?"

"ድንጋይ ይወጣበታል።"

"መሬት ተኝተህ ጠዋት ማን ያነሣሃል?"

"አንቺ።"

ቆማ አየችው። "ለአድማሱ ነው" አለች። መጠየቋ አልነበረም።

"ለመኝታ ገለባ አለ?"

"ለላሚቱ የቀረ ነው።"

"እሱን ተይው። ቁርበቱን አንጥፊ።"

በማግሥቱ እንጨቱን በገመድ እየጎተተ፣ እያረፈ፣ ሸለቆው ዘንድ ሲደርስ ሥራው ተጀምሯል። አድማሱ በአንድ ጥቁር ድንጋይ ላይ ጎንበስ ብሎ ክንዱን ዘርግቷል።

"አድማሱ! ቁም!"

ሁሉም ዞረ። "ቃሬዛውን አመጡት!" አለች ካሣነሽ።

"አልጋዬ ነው። ሬሳ ተኝቶበት አያውቅም። የተኛሁበት እኔ ነኝ።"

"አያ ደጉማ ከሬሳ በምን ይሻላሉ!" ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለ። ምንተስኖት ሳቁ ሳይበርድ አንዱን እጀታ ያዘ። ሁለት ሰዎች ተጨመሩ። ድንጋዩን በድጅኖ አንከባልለው ጠፍሩ ላይ ጣሉት።

"ቁጢጥ በሉ" አለ ደጉ። "ወገብ ቀጥ ይበል። በጉልበት፣ እኩል... ተነሡ!"

ጠፍሩ ተንቋቋ፤ አልተበጠሰም። ድንጋዩ ከመሬት ተላቀቀ። የፊት ቀኙን የያዘው አድማሱ ነበር።

ደጉ ሊከተላቸው ቃጣውና ተወው። ቁርበት ላይ ያደረው ወገቡ እንደ እንጨት ደርቋል፤ ከእንግዲህም እንዲሁ ነው። ወደ ውኃው ተመለሰ።

አድማሱ አራግፎ መጣ። ጣሳውን ተቀብሎ ሳይጠጣ ቆመ።

"ማታ መልሰህ ግጠመው።"

"እግሮቹ ተሰብረዋል።"

"ይህን የሚያህል ዕዳ አልነበረብህም።"

"ነበረብኝ" አለ ደጉ። "አሁን የለብኝም። ጠጣና ሂድ፤ ሦስት ይቀርሃል።"