በቀን ስምንት ፌርማታ

«ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ተኝቷል› ስትይኝ ከረምሽ» አላት ሽማግሌው፤ «ይኸው፣ አሁን እውነትሽን ሆነ።»

ሲስተር በያዘችው ትሪ ላይ የሻይ ብርጭቆዎቹ ተንኳኩ። አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ለቀስተኞች ሹክሹክታቸውን አቁመው የየራሳቸውን ጫማ መመርመር ጀመሩ። የሰው ጆሮ ለቅሶ ቤት ውስጥ እንደሚረዝመው የትም አይረዝምም።

«ጋሼ፣ ሻይ ይውሰዱ» አለችው።

«ሻይ ፍለጋ አልመጣሁም። ጓደኛዬን ልቀብር መጣሁ፣ ቀበርኩ። አሁን የተቀመጥኩት የምሄድበት ስለሌለኝ ነው።»

አክስቷ፣ የሟቹ ታናሽ እህት፣ ማማሰያ እንደያዘች ከጓዳ ብቅ አለች። «አንተ ሰውዬ! ልጅቷ እንባዋ እንኳ ሳይደርቅ ነው የምትነዘንዛት?»

«እንባዋ መቼ ወጣና ይደርቃል?»

እውነቱን ነው። አባቷ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነበር፤ ሲስተር ግን አላለቀሰችም። ሰው ሁሉ፣ አክስቷ ሳትቀር፣ «ሲስተር» የሚላት በሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት በነርስነት ስለሠራች ነው። በእነዚያ ዓመታት የለመደችው እጇ እየሠራ ልቧን ለሌላ ቀን ማስቀመጥ ነው። ያ «ሌላ ቀን» የሚባለው ደግሞ እስካሁን አልመጣም።

ሽማግሌውን ሁሉም «ፊሽካ» ይለዋል። በአባቷ አውቶቡስ ላይ ሠላሳ ዓመት ረዳት ነበር፤ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲጮህ ድምፁ በፊት ጥርሶቹ መሐል እያፏጨ ይወጣ ነበር። ጥርሶቹ ረግፈዋል፤ ስሙ አልረገፈም።

አባቷም ከእናቱ ካገኘው ስም ይልቅ መንገዱ ባወጣለት ነበር የሚታወቀው፦ «አይቆሜ»። አውቶቡሱ ከመነሻ ከተነሣ በምሳ ቦታ ካልሆነ አይቆምም። ሕፃን ቢያለቅስ፣ ባልቴት ብትለምን፣ ጎረምሳ ጉልበቱን ገጥሞ «ሹፌር፣ በእናትህ አንድ ደቂቃ!» ቢል፣ አይቆሜ በመስታወቱ ቀና ብሎ ያይና «የተሳፈራችሁት አውቶቡስ ነው፣ በቅሎ አይደለም» ይላል። ከኋላ ደግሞ ፊሽካ ይቀበለዋል፦ «አይቆምም! ከመሳፈራችሁ በፊት አስቡበት!» ሹፌሩ ራሱ በጉዞ ዋዜማ ከቀትር በኋላ ውሃ አይቀምስም። ያልጠጣ አይሸናም፤ የሹፌሮች ጥበብ ይኸው ናት። በዚህች ጥበብ ሠላሳ ዓመት ስለነዳ ፊኛውም እንደ ማርሹ የሚታዘዝለት ይመስለው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሹክሹክታው ገፋ። ሲስተር ብርጭቆ ስትሰበስብ ቁርጥራጩ ይደርሳታል።

«ኩራት ነው የበላው። ሁለት ዓመት ከሰው ተደብቆ!»

«እሷ ዘግታበት እንደሆነስ? ነርስ ነኝ ብላ ሰው ከልክላ።»

«ምስኪን ፊሽካ ግን። እንደ ወንድሙ አልነበር?»

«ሹፌርና ረዳት መቼም ወንድም አይሆኑም፤ አንዱ ተቀምጦ፣ አንዱ ቆሞ።»

ይህችን የመጨረሻዋን ፊሽካም ሰማት። አንገቱን አቀረቀረ። ስድብ የሚከብደው ሰው ራሱ ሲያስበው የከረመውን ሲነግሩት ነው።

ሲስተር ጓዳ ገብታ ብርጭቆዎቹን ውሃ ውስጥ ነከረችና እጇን ሳታወጣ ቆመች።

ከሁለት ዓመት በፊት አባቷ የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ቀዶው ሰመረ። የሽንት ቱቦው ወጥቶለት ቤት በገባ በሦስተኛው ቀን ግን፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ሱሪው ራሰ። ልጁን አላያትም። ኮርኒሱን ቀና ብሎ እያየ «ጣሪያው ሳያፈስ አይቀርም» አለ። ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነበር። እሷም ቀና ብላ ኮርኒሱን አየችና «እናስጠግነዋለን» አለች።

እሱ ግን በገዛ ጥበቡ ሊጠግነው ተነሣ፤ ውሃ መጠጣት ተወ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሽንቱ እንደ ከረመ ሻይ ጠቆረ፣ አቃጠለው፣ ጭራሽም ብሶ ያመልጠው ጀመር። ሆዱም አምስት ቀን ደርቆ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ሲስተር በክፍሏ ለስንቱ ሕመምተኛ ዓይን ዓይኑን እያየች የምትናገረውን ለአባቷ መናገር ሲያቅታት ሰንብታ፣ አንድ ጠዋት ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ የከረረ ሽንት ፊኛን ያስቆጣል። የተቆጣ ፊኛ ደግሞ የጌታውን ቃል አይሰማም።»

«በልጄ ወጣ በያ።»

«አንጀትም ውሃ ሲያጣ ይደርቃል። የደረቀው ተከማችቶ ፊኛህን ይጫነዋል። ጎረቤት ናቸው፤ አንዱ ሲከፋው ሌላው ሰላም አያድርም።»

«እሺ፣ ምን ይደረግ?»

«ውሃህን እስከ አመሻሽ በደንብ ትጠጣለህ። መጸዳጃ ቤት ደግሞ ሲመጣብህ ሳይሆን ሰዓቱ ሲደርስ ትሄዳለህ፤ በየሁለት ሰዓቱ።»

«ሳይመጣ?»

«ሳይመጣ። አውቶቡስ ሰዓቱ ከደረሰ ባይሞላስ ይነሣ የለ?»

አባቷ ከቀዶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አያት። «ማስመሪያ አምጪልኝ» አለ።

ሰንጠረዡን የሠራው ራሱ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት «መነሻ»፤ ከዚያ «ወንዙ»፣ «ድልድዩ»፣ «አቀበቱ» እያለ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት «መድረሻ» ድረስ፣ በቀን ስምንት ፌርማታ። «ነዳጅ» የሚለው ረድፍ የጠጣው ውሃ ነው። «ጭነት ማራገፊያ» የሚለውን ማብራራት አያስፈልግም። «የመንገዱ ሁኔታ» በሚለው ሥር «ደረቅ» ወይም «እርጥብ» ተብሎ ይሞላል። ከግርጌው «ረዳት» ብሎ ሰረዝ አሰመረና ሲስተርን አስፈረማት። «ሰው ቢያየው የድሮ ሥራዬ መስሎት ያልፋል» አለ፤ ለጥንቃቄም ከቁም ሣጥኑ በር ውስጥ በኩል ለጠፈው፤ ወር ባለቀ ቁጥርም አዲስ ያሰምራል።

ከዚያ ቤቱ መናኸሪያ ሆነ። «አባዬ፣ ድልድዩ ደረሰ!» ትለዋለች። ለዳሌው ጡንቻ የሚሠራውን እንቅስቃሴ ስታሠራው «ፍሬን ያዝ... ያዝ... ልቀቅ» ትላለች፤ እሱም ፊቱን ኮስተር አድርጎ ቁልቁለት እንደሚወርድ ይይዛል። ለሆዱ ከመጸዳጃው ወንበር ፊት አጭር በርጩማ አኖረችለት፤ እግሩን ሰቅሎ፣ ጉልበቱን ከዳሌው ከፍ አድርጎ፣ ሳይቸኩልና ሳያምጥ እንዲቀመጥ። በእርጥብ ቀን ገላውን በለብታ ውሃ አጥባ፣ ሳትፈትግ አድርቃ፣ ቆዳው እንዳይላጥ ቅባት ትቀባዋለች። በስድስተኛው ወር መንገዱ አብዛኛውን ቀን ደረቅ ሆነ።

መሐላው ግን አልተፈታም። ሰንጠረዡ የተለጠፈ ቀን ነበር ያስማላት።

«ለማንም እንዳትናገሪ። በተለይ ለፊሽካ።»

«ለምን በተለይ ለእሱ?»

«ሠላሳ ዓመት ‹አይቆምም› እያለ ሕዝቡን ያስፈራራልኝ ሰው ነው። አሁን ምን ብዬ አየዋለሁ? ማይልኝ።»

«በእናቴ አጥንት» አለች።

ፊሽካ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ሲመጣ ደግሞ ሦስት ፌርማታ የሚያህል ይቀመጣል፤ አባቷ ይህንን ነበር የሚፈራው። ስለዚህ በሩ ሲንኳኳ ሲስተር ገርበብ አድርጋ «ተኝቷል» ትላለች። ፊሽካ ኮፍያውን በእጁ እያዟዟረ ጥቂት ይቆምና ይመለሳል። እየቆየ በየወሩ ሆነ። ከዚያም ቀረ።

አባቷ የሞተው በልቡ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ ድንገት። ሞት የሰውን ጡንቻ ሁሉ እንደሚፈታ ሲስተር ታውቃለች። ሰው ከመጥራቷ በፊት አጥባ፣ አድርቃ፣ ንጹሕ ሱሪ አለበሰችው። የሰዉ ጩኸት ቤቱን ሲሞላው እሷ ያጠበችውን ፎጣ እየጨመቀች ነበር።

በአራተኛው ቀን ለቀስተኛው ሳሳ። ፊሽካ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ ሲያንጎላጅ አክስቷ አየችው።

«ተነሥ፣ ክፍሉ ገብተህ ጋደም በል። እዚህ ወድቀህ ሌላ ለቅሶ እንዳታመጣብን።»

ገባ። ብዙም አልቆየ። ሲስተር የቁም ሣጥኑ በር ሲጢጥ ሲል ሰማች፤ ኮቱን ሊሰቅል መሆኑ ገባት፤ ቀጥሎም ሌላ ነገር ገባትና የያዘችውን ጥላ ሮጠች።

ሽማግሌው ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ክፍሉ መሐል ቆሟል።

«አዲስ መስመር ከፍቶ ነበር!» አለ።

«ምን?»

«ምን ትላለች እንዴ! በቀን ስምንት ፌርማታ፣ በየሁለት ሰዓቱ! ነዳጁ ተጽፏል፣ ጭነቱ ተጽፏል፣ የመንገዱ ሁኔታ ሳይቀር። ቀኑም የድሮ አይደለም፣ የዚሁ ወር ነው። ‹ረዳት› ይላል ከግርጌው፤ የኔ ስም የለበትም። ሌላ ረዳት ቀጥሮ ሲሠራ ነው ‹ተኝቷል› የምትይኝ?»

«ጋሼ፣ አባዬ ሰባ አራት ዓመቱ ነበር። ምን አውቶቡስ ይነዳል?»

«እኔስ ሰባ አንድ ዓመቴ አይደለም?» ድምፁ አፏጨና ተሰበረ። «ቢጠራኝ አልመጣም ነበር?»

ሲስተር መዋሸት ይቀላት ነበር፤ ስንት ቅዳሜ ዋሽታለች፣ አንድ ቢጨመር አይከብዳትም። ‹ለጊዜ ማሳለፊያ የጻፈው ነው› ብትለው ያምናታል፤ ከዚያም እንደተናቀ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ እንደተናቀ ይሞታል። የምትሠራበት ክፍል ሕግ የሕመምተኛ ምሥጢር ከሕመምተኛው ጋር አይሞትም ይላል። በእናቷ አጥንት ምላለች። መሐላውን ሊፈታላት የሚችለው ሰው ደግሞ ከአፈር በታች ነው። ፊት ለፊቷ የቆመው ግን በሕይወት አለ፤ ቁስሉም የገዛ እጇ ሥራ ነው። ሌላውን ቁስል ስታጥብ የኖረች ሴት ይህንን ሸፍና ልታልፈው አልቻለችም።

«ጋሼ» አለች፣ «መስመሩ ከዚህ አልጋ እስከዚያ በር ነው።»

የመጸዳጃ ቤቱን በር በጣቷ አሳየችው።

«ስምንቱም ፌርማታ አንድ ቦታ ነው። ነዳጁ ውሃ ነው፣ በብርጭቆ። ጭነቱን መቼም ራስዎ ያውቁታል። እርጥብ የሚለው ሱሪውን ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሽንቱ ያመልጠው ነበር። ረዳቱ እኔ ነኝ።»

ፊሽካ በሩን አየ። ወረቀቱን አየ። «እርጥብ» የሚለውን ቃል እያሳደደ በጣቱ ረድፉን ወረደ። ታች ሲደርስ ጣቱን እዚያው ተወው።

«በዚህ ምክንያት?»

«በዚህ ምክንያት። እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር።»

«ለእኔም?»

«በተለይ ለእርስዎ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ዘጭ አለ። ሲስተር የሚቆጣ መስሏት ነበር፤ እሱ ግን ጥርስ በሌለው አፉ ፈገግ አለ፤ ፈገግታውም ፊቱ ላይ ብዙ አልቆየም።

«አባትሽ አንድ ቀን ቆሟል» አለ። «ይህንን ማንም አያውቅም። ልጅ እግር ነኝ፤ ሆዴን እያመመኝ ተሳፈርኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ጠናብኝ። እንዳልለምነው ‹አይቆምም!› እያልኩ የምጮኸው እኔው ነኝ። ታገልኩ፣ ታገልኩ... በቃ፣ አመለጠኝ። ያ ሁሉ ሰው ባለበት! በመስታወት አየኝ። ዳር ያዘና ቆመ። ‹ሞተሩ ግሏል፣ ሁላችሁም ውረዱና ወደፊት ሄዳችሁ ጥላ ሥር ጠብቁ› አለ። ኮፈኑን ከፈተው። ደህና ሞተር እኮ ነው! ለራዲያተር የያዘውን ውሃ በሙሉ ሰጠኝ። ትርፍ ሱሪውን ሰጠኝ፤ እንደኔ ያለ ሁለት ያስገባል፣ በሲባጎ አሠርኩት። ኋላ አንዱ ሹፌር ‹ምን ለብሰህ ነው?› ብሎ ሲስቅብኝ፣ ‹የሱ ሱሪ ላይ ዘይት ደፍቼበት ነው› አለው አባትሽ። ያ ነው። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን፣ ሰክሮ እንኳ፣ ተጣልተን እንኳ፣ አላነሣትም።»

አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«የኔን ይዞልኝ መቃብር ገባ፤ የራሱን ለእኔ አያምነኝም? ንቆኝ ካልሆነ ምንድን ነው?»

«ጋሼ» አለች ሲስተር፤ አጠገቡ ተቀመጠች። «በዘጠኝ ዓመት ሥራዬ ያየሁትን ልንገርዎ። ሰው ለማያውቀው ነርስ ገላውን ይሰጣል፤ ልጁ ስትገባ አንሶላ ይጎትታል። ከናቀው ሰው ፊት ማን ያፍራል?»

ፊሽካ ቃሉን እንደ ደረቅ ዳቦ ቀስ እያለ ሲያላምጠው ከፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። በመስኮቱ የገባው የከሰዓት ብርሃን ከወለሉ ተነሥቶ አልጋው እግር ደረሰ።

«ደረቅ ቀኑ ይበዛል» አለ በመጨረሻ፣ ወረቀቱን እየመለሰላት። «ጥሩ ረዳት ነበርሽ።»

ሲስተር ወረቀቱን ተቀበለችው፤ ማጠፍ አልሆነላትም፤ ጭኗ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ዳበሰችው።

«ሲስተር! ሰው መጥቷል!» አለች አክስቷ ከሳሎን።

ፊሽካ ተነሣ፤ ኮቱን ለበሰ፤ ኮፍያውን አደረገ። የበሩ ደፍ ጋ ሲደርስ ግን ቆመና ዞሮ ተመለሰ፤ የባዶው አልጋ ራስጌ አጠገብ ሄዶ ቆመ። ተሳፋሪው ገብቶ ሲያልቅና በሩ ሲዘጋ፣ ረዳት የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ሁለቴ ይመታል፤ ሹፌሩም መንገዱን ይጀምራል። ሽማግሌው ቀኝ እጁን አነሣ፤ የአልጋውን ጣውላ፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ አድርጎ፣ ሁለት ጊዜ መታ።