ሽርጥ የሚያውለበልበው ሰውዬ

"ያዝ! ያዝ! ፍሬን ያዝ!" አለ ቦንሳ።

ጫላ ፍሬን ያዘ። በስልኩ ስክሪን ላይ ከባዱ መኪና ተንገራገጨ፤ ተሳቢው ትንሽ ወዘወዘውና የአስፋልቱን ጥግ ይዞ ቆመ። ከላይ በቀኝ በኩል ያለችው ሰዓት ግን የማንም መቆም ጉዳይዋ አልነበረም። መቁጠሯን ቀጠለች፤ ቀላች፤ ጠፋች። ከዚያ "ተሸንፈዋል" የሚል ጽሑፍ ወጣ።

"ኧረ ተው!" አለ ጫላ ስልኩን እያገላበጠ። "ገና ግራንድ ባራን ሳልጨርስ?"

ጨዋታውን የሠራው ልጅ ከይረዲን ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ቦንሳም ቀደም ብሎ እዚያው ቦታ ላይ ቀርቷል። እሸቴም እዚያው። ጫላም፣ ቦንሳም፣ እሸቴም በዚህ መንገድ ላይ ያረጁ ሾፌሮች ናቸው። በጨዋታው ከዶራሌ ወደብ ኮንቴይነር ጭነው፣ ከተማውን በሰላም ወጥተው፣ መታጠፊያውን ሁሉ እንደ ቅቤ እያለፉ መጥተው፣ ግራንድ ባራ የሚባለው ጠፍ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ይላሉ።

"ፍሬኑ ነው" አለ ከይረዲን። "አንዴ ከያዘ የማይለቅ ፍሬን ሠርቻለሁ ማለት ነው። አለቀልኝ።"

"ዛሬ ማታ ነው አይደል የምትልከው?" አለ እሸቴ።

"ዛሬ ማታ። ከዚያ በኋላ አይቀበሉም።"

ያሉት ካርቲየ ሰባት በሚባለው የወደቡ ከተማ ሰፈር፣ የከይረዲን አባት ሐጂ ዓብዱልመጂድ የጎማ ሱቅ ውስጥ ነው። ዓርብ ነው፤ የጁምዓ ሶላት አልቋል፤ ጫት ገብቶ ሰፈሩ ሁሉ ጥላውን ይዞ ተቀምጧል። ሙቀቱ ሰው የሚያበስል ነው። ሐጂ በሱቁ ውስጥ ያለችውን አንዲት ቬንትሌተር ወደ ራሳቸው አዙረው፣ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ተኝተዋል፤ ወይም የተኙ መስለዋል። ያቺን ቬንትሌተር ሰው አይነካትም። ልጃቸው አንድ ጊዜ፣ ባለፈው ሐምሌ፣ "አባ፣ ኮምፒውተሩ ጋለብኝ፣ ትንሽ ወደዚህ ላዙራት?" ብሎ ነበር። "እኔስ አልጋልኩም?" አሉት። በዚያው ሳምንት ኮምፒውተሩ ተቃጥሎ አረፈው።

ከይረዲን የሠራው ጨዋታ የመኪና እሽቅድምድም ነው። ስሙም "ገላፊ" ነው፤ ከወደቡ ተነስቶ ድንበር ላይ ገላፊ ቀድሞ የገባ ያሸንፋል። ብቻውን ሠራው ማለት እንኳን ይከብዳል። ድምፁ የቦንሳ መኪና ድምፅ ነው፤ ክላክሱንም ቦንሳ ራሱ "ያንተው ክላክስ በግ ነው የሚመስለው" ብሎ ከጋቢናው ውስጥ ቀድቶ አመጣለት። የመታጠፊያዎቹን ፎቶ እሸቴ እየነዳ ረዳቱ አነሳ። ዶራሌ ላይ ጭነት ጥበቃ ተሰልፈው የሚውሉ ሾፌሮች ስልክ ለስልክ ተቀባብለው ይሞክሩታል፤ ዳገቱ በዛ፣ ቁልቁለቱ አነሰ፣ ይህ መኪና ባዶውን ነው እንዴ የሚሄደው እያሉ ይሰድቡታል። እሱም ያርማል። ለኢንተርኔት የሚከፈለውንም እየተዋጡ ይሰጡታል። "አዲሱ ባቡር ሥራ ሲጀምር እኛ በስልክ ነው የምንነዳው" ይላል ጫላ፤ ይሳሳቃሉ፤ ግን ሳቁ ቶሎ ያልቃል።

ኮምፒውተሩ ሲቃጠል ደግሞ የደረሰለት የአልጋነሽ እቁብ ነው። አልጋነሽ በአንድ የፈረንሳዮች ቤት የምትሠራ የኮምቦልቻ ሴት ናት። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት እረፍቷ ነው፤ ለልጇ የምትልከውን ዕቃ ለሾፌሮች ለመስጠት እዚህ ሱቅ ትመጣለች። የቤት ሠራተኞቹ እቁብ ዕጣ ለእሷ በወጣላት ሰሞን፣ ከይረዲን የሞተውን ኮምፒውተር ታቅፎ ሲቆዝም አገኘችው። "ምን ሆንክ?" አለችው። ነገራት። በሚቀጥለው ዓርብ ተራዋን ሰጠችው። ሴቶቹም አንዳቸው እንኳን ቅር ሳይላቸው "ለሚሠራ ልጅ ነው" ብለው ተስማሙ። የእሷ ተራ ወደ መጨረሻ ተገፋ፤ አንድ ቀን እንኳን አንስታበት አታውቅም።

እና ዛሬ ማታ ይህ የሁሉም ድካም ናይሮቢ ይላካል። እዚያ የአፍሪካ ጨዋታ ሠሪዎች የሚገናኙበት ትርዒት አለ፤ ለተመረጠው ጨዋታ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ይገኛል። ሐጂ ቁርጡን ነግረውታል፤ "ከተመረጥክ እሰየው። ካልሆነ ድሬዳዋ ሄደህ ከአጎትህ ከከሊፋ ጋር ሱቅ ትይዛለህ። ሽማግሌ ሆኜ ጎማ እያነሳሁ አንተ ስልክ ስትነካካ አላይም።" ከይረዲንም እሺ ብሏል። ቃል ነው።

አሁን ግን ጨዋታውን የሚጨርስ ሰው ጠፋ። ስልኩን ከጫላ ተቀብሎ ራሱ ነዳው። ሜዳው ላይ ደረሰ። ፍሬኑ ዝም። ሽው ብሎ አለፈ፤ ገላፊ ገባ። እንደገና ሞከረው፤ ያው ነው።

"ለእኔ ደህና ነው!" አለ ግራ ገብቶት። "እናንተ ምን እየነካችሁ ነው?"

ሾፌሮቹ ተያዩ። በዚህ መሃል አልጋነሽና ጓደኛዋ እንቁ በላብ ርሰው፣ በትልቅ ፌስታል ዕቃ ተሸክመው ገቡ።

"እንደምን ዋላችሁ! እፍ፣ ከሲኦል ይሻላል እንኳን አይባልም" አለች አልጋነሽ ፌስታሉን ከጎማዎቹ ላይ እያስቀመጠች። "ምነው ለቅሶ ቤት መሰላችሁ? ከይሩ፣ አልቋል አይደል?"

"ያለቅኩትስ እኔ ነኝ። እስቲ እት አልጋነሽ፣ አንቺ ሞክሪው።"

"እኔ? ብስክሌት እንኳን ነድቼ አላውቅ!"

ግን ተቀመጠች። ምላሷን ወደ ጥግ አውጥታ ነዳች። ዶራሌ ላይ አጥር ገጨች፤ መንገዱ ላይ አንድ ግመል ለጥቂት ሳተች፤ እንቁ "ቀስ በይ አንቺ፣ የሰው መኪና ነው!" እያለች ትከሻዋን ታሻለች። ግራንድ ባራ ደረሰች። ከይረዲን ትንፋሹን ያዘ። አልጋነሽ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሳትል ነጎደች፤ ገላፊ ገባች። "አሸንፈዋል!" አለ ስልኩ። እንቁ እልል አለች። ከይረዲን ከወንበሩ ተነሳ፤ ሊያቅፋት ምንም አልቀረው።

ሾፌሮቹ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አልጋነሽ" አለ ጫላ፣ ቅር ባለው ድምፅ። "ምነው እንዲህ ጨከንሽ?"

"ምን አደረግኩ ደግሞ?"

"ሰውዬውን ጥለሽው ሄድሽ እኮ።"

"የቱን ሰውዬ?" አለ ከይረዲን።

"ያንተን ነዋ! አንተ የሳልከውን!"

ከይረዲን ጨዋታውን ከፍቶ ሜዳው ላይ አቆመው፤ አየው። እውነትም ሰው አለ። ሜዳው ባዶ ሆኖ አላምር ቢለው፣ ለጌጥ ብሎ ያስገባው ነበር፤ ጋቢናው ወደ ፊት የተደፋ የተበላሸ መኪና፣ ከኋላው ለማስጠንቀቂያ የተደረደረ ድንጋይና ቅጠል፣ ከጎኑ ሽርጡን ከፍ አድርጎ የሚያውለበልብ ትንሽ ሰውዬ። ሠርቶት ረስቶታል። ሲነዳ አይኑ መንገዱ ላይ እንጂ እሱ ላይ አልነበረም።

"ለእሱ ነው የቆማችሁት?"

"ታዲያ!" አለ ቦንሳ።

"ሦስታችሁም?"

"ቆይ፣ ሰው ቆሞ እያየሁ ልለፈው?" አለ ጫላ።

"ጋሽ ጫላ፣ ጨዋታ ነው እኮ! ሰዓት አለ! እሽቅድምድም ነው!"

"አውቃለሁ ጨዋታ መሆኑን፣ ሕፃን አይደለሁም። እጄ ነው እንቢ ያለኝ።" ጫላ መዳፉን አየው። "እዚያች ቦታ ላይ ሞተሬ ግሎ ቆሜ አውቃለሁ። በሐምሌ። የነበረኝን ውሃ ሞተሩ ውስጥ ጨርሼዋለሁ። ሽርጤን እያውለበለብኩ ትንንሾቹ መኪኖች ሽው እያሉ ሲያልፉኝ፣ በቃ እዚህ ነው መጨረሻዬ ብያለሁ። አንድ ቦቴ የሚነዳ ሰው ቆመልኝ። ጀሪካኑን ሙሉውን አወረደልኝ። ቸኩሎ ነበር፤ ስሙን እንኳን አልጠየቅኩትም። እስከ ዛሬ ቦቴ ባየሁ ቁጥር እሱ ይሆን እያልኩ ክላክስ አደርጋለሁ።"

አልጋነሽ ስልኩን ከከይረዲን እጅ ወሰደች።

"መልሰኝ" አለች።

"የት?"

"ሰውዬው ጋ። አላየሁትም ነበር፤ አይቼው አይደለም ያለፍኩት። በየት በኩል ነው የሚመለሰው?"

"ወደ ኋላ አይሄድም እት አልጋነሽ። ኋላ ማርሽ አልሠራሁለትም።"

"ኋላ ማርሽ የሌለው ተሳቢ!" ብሎ እሸቴ ሳቁን ለቀቀው፤ ሁሉም ተከተሉት። አልጋነሽ ግን አልሳቀችም። ስልኩን እያየች ቀረች።

ከይረዲን ሰዓቱን አየ። ሰውዬውን ማጥፋት የአፍታ ሥራ ነው፤ ሰውዬው፣ መኪናው፣ ድንጋዩ ድራሹ ይጠፋል፤ ሾፌሮቹ የሚቆሙበት ምክንያት አይኖርም፤ ጨዋታው ማታ ይላካል። ሰውዬውን ማዳን ግን ሌላ ነገር ነው። ውሃው፣ ገመዱ፣ ሰዓቱ፣ የሚከተሉት መኪኖች፣ ሁሉም እንደገና መሠራት አለበት፤ ለዛሬ ማታ የማይሞከር ነው። ይህንኑ ነገራቸው።

"አጥፋው በቃ" አለ እሸቴ ቶሎ ብሎ። "ይሄን ያህል ደክመህ! ጉዳይህ ይቅደም።"

"አጥፋው" አለ ቦንሳም። "እኛ የለመደብን ነው።"

ጫላ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

ከይረዲን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ሰውዬውን መረጠው። ጣቱ መደምሰሻው ላይ ሆኖ ወደ ሴቶቹ ዞረ። "እት አልጋነሽ፣ የእናንተ ገንዘብ ነው ያለበት። ያንቺ ተራ ነው። ናይሮቢ ካልገባ ልፋታችሁ..."

"አንተ ልጅ፣ ለናይሮቢ ብለን መሰለህ እንዴ የሰጠንህ?" አለች። "ናይሮቢን የት አውቄው?"

"ታዲያ ለምን ነበር?"

አልጋነሽ ፌስታሉን ነካ ነካ አደረገችው። ጫማና የትምህርት ቤት ቦርሳ ነው ያለበት። "ልጄ እዚህ የመጣሁበትን መንገድ አያውቀውም። ሲደውል 'እማዬ፣ ያለሽበት በየት በኩል ነው?' ይለኛል፤ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? አንተ የመጀመሪያ ቀን ስታሳየኝ፣ ይህንን በአጎቱ ስልክ ቢነዳው እናቴ በዚህ ሄደች ይላል አልኩ። ዕቃዬም በዚህ መጣ ይላል። ለዚያ ነው የሰጠሁህ።" ፌስታሉን ቋጠረችና ጨመረች። "ይንዳው። ግን ሰው ጥሎ ማለፍ ከዚህ እንዲማርልኝ አልፈልግም።"

ከይረዲን ሁሉንም ተራ በተራ አየ። እነዚህን ሰዎች እንዲሞክሩለት ነበር የጠራቸው፤ ስህተት እንዲፈልጉለት። ለካ አንድ ዓመት ሙሉ ጨዋታውን ብቻ ሳይሆን እሱንም ተሸክመውት ነው የመጡት። እንዴት አድርጎ እንደሚያመሰግናቸው ጠፋው። "አላህ ይስጥልኝ" ብቻ አለ። ጣቱን ከመደምሰሻው አነሳ።

"አልልክም" አለ። "ሰውዬው ይቀመጣል።"

"እብድ!" አለ እሸቴ፤ ፊቱ ግን ፈካ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። "መጀመሪያ ውሃ ይሰጠው! ገመድ የመኪና ጥያቄ ነው፣ ውሃ የነፍስ ነው!" ይላል ጫላ። "ስትቆም ሰዓቱም አብሮ ይቁም እንጂ!" ይላል ቦንሳ። "የቆመለት ሰው ደግሞ በኋላ ሲበላሽበት እሱም ይቁምለት" አለች እንቁ፤ ሁሉም "ይቺ ሴት ነገር ታውቃለች!" አሉ። "ኋላ ማርሽ!" አለች አልጋነሽ ከሁሉም በላይ። "ሳያይ ላለፈ ሰው መመለሻ ይኑረው።"

ከይረዲን ሁሉንም ሰማ። ሲሰማ ሲሰማ ግን ትዝ አለው፤ ድሬዳዋ። ወደ አባቱ ዞረ። ሐጂ አልተኙም። አይናቸውን ገልጠው፣ ጣሪያውን እያዩ ተንጋለዋል። ከመቼ ጀምሮ ነቅተው እንደሚሰሙ አላህ ይወቅ።

"አባ" አለ። "ዛሬ አልልክም።"

"ጆሮ አለኝ።"

"ቃሌን አልረሳሁም። ሂድ ካልከኝ እሄዳለሁ።"

ሐጂ ወገባቸውን ይዘው ተነሱ። አልጋነሽ እጅ ላይ ያለውን ስልክ በአገጫቸው ጠቆሙ። "እስቲ አምጪው ልጄ።" ተቀበሏት፤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ስክሪኑን ከአይናቸው አራቁት። በአንድ ጣት፣ እንደ ሰው አረማመድ እየተንቀራፈፉ ነዱ። የማይቀድማቸው መኪና አልነበረም። ሜዳው ላይ ደረሱ። ፍሬን ያዙ። ሰዓቱ ቀላ፤ ጠፋ፤ "ተሸንፈዋል" አለ። ሐጂ ጽሑፉን ረጋ ብለው አነበቡና ስልኩን መለሱላት።

"ከሊፋ የራሱን ሱቅ ራሱ ይያዝ" አሉ።

ሐጂ ወደ ቬንትሌተሯ ሄዱ። አንገቷን ይዘው ከምንጣፋቸው ወደ ሱቁ ጥግ፣ ወደ ኮምፒውተሩ አዞሯት፤ ነፋሱ እንዲደርሰው አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ከፍ አድርገው አስቀመጧት። ከዚያ ተመልሰው ሙቀቱ ውስጥ ተጋደሙና በሽርጣቸው ጫፍ ፊታቸውን ማራገብ ጀመሩ።